ለሳይንስ ፌር የአካባቢ ፕሮጀክት እንዴት ይሠራል? ድፍርስ ውሃና የሽፈራው ፍሬ

የትምህርት ቤት ሳይንስ ፌር ዞራችሁ ካያችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ከካርቶን የተሠራ ከተማ፣ ከላዩ የምትሽከረከር የንፋስ ተርባይን፣ ጥግ ላይ ቦግ የምትል አምፖል። ያምራል። ዳኛው ጠጋ ብሎ "ምን ለካችሁ?" ሲል ግን ግሩፑ እርስ በርሱ ይተያያል። ስለዚህ ካርቶኑን ተዉትና የሚለካ ነገር ፈልጉ።

መጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። "የውሃ ብክለትን እንዴት እናስወግድ" የሚኒስቴር ሥራ ነው። "ለአንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ ምን ያህል የሽፈራው ፍሬ ዱቄት ይበቃል?" የሚለው ግን በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ሽፈራው ኮንሶና አርባ ምንጭ አካባቢ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላው ዛፍ ነው፣ ሞሪንጋ የሚሉትም አሉ። የፍሬው ነገር እንዲህ ነው፦ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፉት የሸክላ ቅንጣቶች ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ስለዚህ ቶሎ አይዘቅጡም። ፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ደግሞ ፖዘቲቭ ነው፤ ይሰበስባቸዋል፣ ይከብዳሉ፣ ይወርዳሉ። ይህን በራሳችሁ አነጋገር ማስረዳት ካልቻላችሁ ፕሮጀክቱን ገና አትጀምሩ።

ዕቃው ውድ አይደለም። አፋቸው የተቆረጠ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች፣ ሙቀጫ፣ ንፁህ ስስ ጨርቅ፣ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ከትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ሚዛንና ረጅም የመስታወት ሲሊንደር። ድፍርስ ውሃ በክረምት የትም ይገኛል። ወንዝ ሲሞላ ግን አትጠጉ፤ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ጓንት አድርጉ፣ የከተማ ወንዝ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ከዚያ የደረቀውን ፍሬ ልጣችሁ ነጩን ብቻ ውቀጡ። 1 ግራም ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ንፁህ ውሃ በጥብጡና በጨርቅ አጥልሉ። በጥብጣችሁ አታሳድሩት፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። አሁን 10 ሚሊ ሊትር ስትጨምሩ 100 ሚሊ ግራም ዱቄት ጨመራችሁ ማለት ነው፣ ሒሳቡ ቀላል እንዲሆን ነው እንደዚህ ያደረግነው።

አምስት ሃይላንድ ደርድሩና በእያንዳንዱ አንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ አድርጉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ ባልዲው ውስጥ ያለው ጭቃ ቁጭ ስለሚል በቀዳችሁ ቁጥር ባልዲውን አማስሉት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ጠርሙስ ቀጭን የመጨረሻው ወፍራም ውሃ ይደርሰውና ውጤታችሁ በሙሉ ገደል ገባ። ለመጀመሪያው ጠርሙስ ምንም ፍሬ አትጨምሩ። ለሌሎቹ 5፣ 10፣ 20 እና 40 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ ጨምሩ። ያለ ፍሬ የሚቀመጠው ጠርሙስ ግዴታ ነው፣ ውሃው በራሱ ጊዜም ሊጠልል ይችላላ! አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ በጣም ቀስ ብላችሁ አማስሉ፣ ፍሬ የሌለውንም ጭምር። ቀስ ካላላችሁ የተሰበሰበው ጭቃ ተመልሶ ይበተናል። ከዚያ አንድ ሰዓት አትንኩት።

ልኬቱ የፕሮጀክቱ ልብ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር የመስቀል ምልክት ሥሩና ሲሊንደሩን ላዩ ላይ አቁሙ። ከጠርሙሱ ከላይ ያለውን ውሃ ሳትነቀንቁ ቀድታችሁ ሲሊንደሩ ውስጥ በቀስታ አፍሱ፣ ከላይ እያያችሁ ምልክቱ የሚጠፋበትን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ውሃው ጠርቷል። ሲሊንደሩ ሞልቶም ምልክቱ ከታየ "ከ30 ሴ.ሜ በላይ" ብላችሁ ጻፉ (የሲሊንደራችሁን ቁመት ማለቴ ነው)፣ ቁጥር አትፍጠሩ። የሚያየው ልጅ የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ባያውቅ በጣም ጥሩ ነው፤ ዓይን የሚፈልገውን ማየት ይወዳል። ዳኞችም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል።

ይህን ሁሉ ሦስት ጊዜ ድገሙ። አዎ፣ ይሰለቻል። አንድ ጊዜ ብቻ የወጣ ውጤት ግን ዕድል ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን በአንድ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ የተበላሸውንም አትቅደዱ። የደፈረሰ ደብተር ከተገለበጠ ንፁህ ደብተር ይልቅ ይታመናል።

ግራፉን ስትሥሩት ብዙ የጨመራችሁበት ጠርሙስ ከመካከለኛው የባሰ ደፍርሶ ልታገኙት ትችላላችሁ። አትደንግጡ፣ አትደብቁትም። ፕሮቲኑ ሲበዛ ቅንጣቶቹ ራሳቸው ፖዘቲቭ ሆነው እንደገና ይገፋፋሉ። ለእኔ የፕሮጀክቱ ምርጥ ክፍል ይህ ነው፤ "ሲበዛ አይሠራም" የሚል ግራፍ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ጥቂት ነው።

ፖስተሩ ላይ ጥያቄው፣ አሠራሩ፣ ግራፉና መልሱ ይበቃሉ። የኢንተርኔት ፎቶ አትለጥፉ፣ የራሳችሁን ጠርሙሶች ፎቶ አንሱ። ፍላጎቱ ያላችሁ ደግሞ ከፍ ያለም መድረክ አለ፦ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስቶክሆልም ላይ የሚካሄደው የታዳጊዎች የውሃ ሽልማት ከ15 እስከ 20 ዓመት ያሉ የየአገሩን ተወዳዳሪዎች ያገናኛል።

"ታዲያ ይጠጣል?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ አይጠጣም ነው። መጥራት ሌላ፣ ከጀርም መንጻት ሌላ፤ ፍሬው ባክቴሪያውን ቢቀንሰውም አይጨርሰውም፣ ስለዚህ መፍላት አለበት። ለማሳያ የምታቀርቡትን ውሃ ደግሞ ያን ዕለት ጠዋት አዘጋጁት። ከፍሬው የቀረው ነገር ስለሚበሰብስ፣ ሲያድር ጠረኑ ዳኛውን ሳይሆን አዳራሹን ያስወጣል።