የዋልያዬ ቀንድ ለምን ጎረበጠ?
ሰከንድ ላይፍ ለተባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም የቀረጽሁት ዋልያ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ እንከን አልነበረውም፤ ወደዚያ ዓለም ስጭነው ግን አፍንጫው ተኮማተረ፣ ቀንዱም አይጥ የቀረጠፈው መሰለ። ሁለት ሌሊት ሞዴሉን ስነካካ አደርሁ። ለካ ጥፋቱ ከቅርጹ አልነበረም። እኔ በተጠቀምሁበት ዘዴ ቅርጹ የሚላከው በምስል ነው፦ የእያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን የኤክስ፣ የዋይና የዜድ ቦታውን ይናገራል። እኔ ደግሞ ምስሉን ፋይሉን ለማሳነስ ጥራት በሚቀንሰው በጄፔግ ዓይነት አስቀምጬዋለሁ! ጭመቃው ቀለሙን በጥቂቱ ሲያዛባው ነጥቡ ከቦታው ይሸሻል። 64 በ64 ነጥብ የሆነውን ምስል ጥራት በማይቀንሰው በፒኤንጂ ዓይነት አውጥቼ፣ ስጭነውም ጥራቱ ሳይቀንስ እንዲጨመቅ የሚያዘውን ሳጥን መረጥሁ፤ ቀንዱ ወዲያው ተስተካከለ። የቀረው በሆዱ ላይ የሚታየው የጸጉሩ ስፌት ነበር፤ የጸጉሩን ምስል የግራና የቀኝ ጠርዝ ቀለም አመሳስዬ ስቀባው ጠፋ። ጅራቱ አሁንም አጥሯል፤ ግን ማን ያየዋል?