በተዳፋት ማሳ ላይ እርከን እንዴት ይቀየሳል?

የይዞታ ደብተር በእጁ ያለ ገበሬ ማሳው ላይ ለዓመታት የሚቆይ ሥራ ለመሥራት ይደፍራል። አፈሩን ግን ደብተሩ አይዝለትም። እርከን ያስፈልጋል፤ እርከን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲቀየስ ነው።

መጀመሪያ ተዳፋቱን ይለኩ። ሁለት እኩል ዘንግ፣ የማይለጠጥ 10 ሜትር የናይለን ገመድና ገመድ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ (ልክ ሲሆን ውስጡ ያለው አረፋ መሃል የሚገባ መለኪያ) ይበቃል። የገመዱን አንድ ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ላይ ያስይዙ። ታች ያለው ሰው ገመዱን በዘንጉ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገ አረፋው መሃል ሲገባ ያቁም። እዚያ ጋ ገመዱ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ካለ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚፈቅደው ጠረጴዛማ እርከን (እንደ ደረጃ የተደለደለ ማሳ) ከተሠራ ብቻ ነበር። ከ60 በመቶ በላይ የሆነውን ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ተወው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1324 ቢተካም እኔ ዛሬም በዚሁ ልኬት ነው የምመክረው።

ዋናው ሥራ እርከኑ የሚሠራበትን፣ ከፍ ዝቅ የማይለውን መስመር ማውጣት ነው። ገመዱን በሁለቱም ዘንግ ላይ እኩል ከፍታ ላይ ይሰሩ። ውሃ ልኩ የግድ ገመዱ እኩሌታ ላይ ይንጠልጠል፤ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ይዋሻል። አንዱ ዘንግ ባለበት ይቆማል፣ ሌላው ወደ ላይ ወደ ታች ይፈልጋል። አረፋው መሃል ሲሆን ችካል ይምቱ፣ ይቀጥሉ። በዓይን ግምት የሚቀይስ ሰው ካጋጠመዎት አይስሙት። አንድ ቦታ ላይ ስንዝር ያህል ዝቅ ያለ እርከን አይቻለሁ። የሐምሌ ጎርፍ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ጥሶ ወጣና ከሥሩ ያሉትንም እርከኖች ይዟቸው ሄደ።

ጥቁር አፈር ላይ ግን ፍጹም ልክ የሆነ መስመር ውሃ ያቁርና ሰብሉን ያቢጨዋል። ስለዚህ ውሃው በሚወጣበት በኩል ባለው ዘንግ ላይ ገመዱን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይሰሩ። መስመሩ በየ10 ሜትሩ ያን ያህል ይወርዳል። መጨረሻው ሣር የለበሰ ማፋሰሻ ላይ ይሁን፤ የጎረቤት ማሳ ላይ ከለቀቁት ጠብ ነው። እንዲያውም መስመሩ የይዞታ ድንበር ስለማያውቅ ከኩታ ገጠም ጎረቤት ጋር አብሮ መቀየስ ይሻላል።

ቁፋሮው የታወቀ ነው። አፈሩ በደንብ ተጠቅጥቆ 60 ሳንቲ ሜትር ይቁም። ክረምቱ ሲገባ ደሾ ሣር ይትከሉበትና ለከብት አጭደው ይስጡ። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ግን እርከኑ ዓመት አይደፍንም።