የዋጋ ዝርዝሩን ለብቻው ፋይል አድርጉት

ቱሉ ዲምቱ ላለ የቤት ዕቃ ሱቅ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ስለዚህ ዝርዝሩን በሌላ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ፋይል አስቀምጬ፣ በአይፍሬም፣ ማለትም አንዱን ገጽ በሌላው ውስጥ በሚያሳይ ሳጥን፣ ገጾቹ ውስጥ አስገባሁት። አሁን አንዷን ፋይል ሳስተካክል ሁሉም ገጽ ላይ ይስተካከላል።

አደራ፣ አይፍሬሙ ላይ የጻፋችሁትን የፋይሉን አድራሻ አጣሩ! በ«ሲ ድራይቭ» የሚጀምር ከሆነ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ደንበኛው ስልክ ላይ ግን ባዶ ሳጥን ነው። እኔን ግማሽ ቀን አስለፍቶኛል። ፋይሉን ከገጹ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና አድራሻው ላይ ስሙን ብቻ ጻፉ። ሰርቨር (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ መጫኑንም እንዳትረሱ። ስሙ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፤ ሊኑክስ ሰርቨር ትልቁንና ትንሹን ይለያል። ለአይፍሬሙ ስፋትና ቁመት ካልሰጣችሁት ደግሞ 300 በ150 ፒክስል ብቻ ነው የሚሆነው፤ ለዋጋ ዝርዝር በጣም ይጠባል።