ታሪኩ አልነሳ ሲል፦ ከጣና ዳር የተጻፈ ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ረቂቅ የምንለዋወጥ ጥቂት ሰዎች አለን። ልብ ወለድና ይህ ሐይቅ የቆየ ዝምድና አላቸው። በአማርኛ የመጀመሪያው የሚባለውን ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጣና ዳሯ የዘጌ ልጅ ናቸው። እኛ ግን ገና የምንጣላው ስለ መጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ነው። መቼቱ፣ ማለትም ቦታውና ጊዜው፣ አለ፤ ገጸ ባሕርይው አለ፣ ታሪኩ ግን እንደ ጠዋት ባጃጅ ያጓራል፣ ይጠፋል፣ ያጓራል፣ ይጠፋል።

ታሪኩን የሚያስነሳውን ክስተት እኛ ጠረጴዛ ላይ «ጫሪ» እንለዋለን። ነገ እንደ ትናንቱ እንዳይሆን የሚያደርገው ያ አንድ ነገር ነው። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው።

«አሥር ገጽ አነበብኩ፣ እስካሁን ፀሐይ እየወጣች ነው»

ጎህ ይቀዳል። ዘንባባዎቹ ይወዛወዛሉ። ጣና በስፋቱ ከአገሪቱ ሐይቆች አንደኛ መሆኑ ይነገረናል። ሰው ግን የለም። ካለም ቆሞ ውሃውን ያያል።

ምክንያቱ ፍርሃት ነው። ጸሐፊው አንባቢው አገሩን አያውቀውም ብሎ ይሰጋና አስጎብኚ ይሆናል።

መፍትሄው ዝርዝሩን መሰረዝ አይደለም። ሥራ ስጡት። ታንኳን እንውሰድ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ሥራ ላይ ሲቆይ ይከብዳል፤ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜ የለውም። ይህን በአንቀጽ ብታብራሩት የክፍል ትምህርት ይሆናል። አሁን ልጁ ማታ የአጎቱን ታንኳ ሳያስፈቅድ ወስዶ እንጨት አመላልሶበታል እንበል። ደክሞት ውሃው ላይ እንዳሰረው ተኛ። ጠዋት አጎትየው ይመጣና መዳፉን ደንገሉ ላይ ይጫናል። በጣቶቹ መካከል ውሃ ይወጣል። ዝም ይላል። ከዚያ ዞሮ «ማነው?» ይላል። አንባቢው ስለ ታንኳ ማወቅ የሚገባውን ያህል አወቀ፣ ጠብም ተጀመረ።

«ጫሪው አለ፣ ግን የትም ቢሆን ይሆናል»

ይሄ የራሴ በሽታ ነው። የመጀመሪያ ረቂቄ በመኪና አደጋ ነበር የሚጀምረው። አባት ይሞታል፣ ልጅ ለቀብር ወደ ባሕር ዳር ይመለሳል። አንድ ጓደኛዬ እስክሪብቶ አንስቶ «ባሕር ዳር» የሚለውን እየሰረዘ «አዳማ» እያለ ጻፈበት። አርባ ገጽ ሄደ። አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልተናጋም። ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ልክ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መቼቱን ስለምወደው መረጥኩት፣ ጫሪውን ደግሞ ከሰማሁት ወሬ አመጣሁት። ሁለቱ አይተዋወቁም።

መፍትሄ፦ ስለ ቦታው የሚያምረውን ትታችሁ የማይሆነውን ጻፉ። እዚህ ምን አይደረግም? ምን የለም? ማንን ሳያስፈቅዱ ምን አይነካም? አንድ ገጽ ሲሞላ «ይሄ ቢጣስ መጀመሪያ የሚጮኸው ማነው?» በሉ።

አንዲት ልጅ እንዲህ አድርጋ ዘጌን ይዛ መጣች። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። ከብትም አይረባም። ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ የመጣ ቃል ኪዳን ነው ይባላል፤ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። እና በእሷ ታሪክ አንድ ሰው ቀንበርና ሞፈር ተሸክሞ፣ ሁለት በሬ እየነዳ በጫካው መንገድ ይገባል። ፎገራ ሜዳ ላይ ቢሆን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። እዚህ ግን ቡና የምትለቅመው ሴትዮ እጇ ቅርንጫፉ ላይ ቀረ። ሰውየው ገና ምንም አላጠፋም። ቃልም አልተናገረም። መንደሩ ግን ወጥቷል። ይሄንን እስቲ ወደ አዳማ ውሰዱት!

(በቅንፍ አንድ ልመና አለኝ። ሴት ወንድ መስላ፣ ሴት የማይገባበት የጣና ደሴት ገዳም ዳጋ እስጢፋኖስ የምትገባበትን ታሪክ ለጊዜው ተዉልን። ክልከላው እውነት ነው፣ ጫሪም ይሆናል። ግን በእኛ ጠረጴዛ ብቻ አራት ጊዜ ገብታለች።)

«ችግሩ ትልቅ ነው፣ ታሪኩ ግን ፈቅ አይልም»

ይሄ በአብዛኛው ስለ እምቦጭ በሚጻፉ ረቂቆች ላይ ይታያል። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሐይቁ መነጋገሪያ ነው። ዓሣ አስጋሪው ይቸገራል፣ ይተክዛል፣ ያማርራል። ገጹ ግን ቆሟል።

ምክንያቱ፣ እምቦጭ ሁኔታ ነው እንጂ ክስተት አይደለም። ቀን የለውም። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሰውም ቀስ ብሎ ይለምደዋል።

ስለዚህ ቀንና ሰዓት ፈልጉለት። ማክሰኞ ማታ አስጋሪው መረቡን ጣለ። መረቡ በዱቤ የተገዛ ነው፤ ዕዳው ገና አልተከፈለም። ሌሊት ነፋስ ተነሳና ተንሳፋፊውን አረም ገፋው። ጠዋት መረቡ ካስቀመጠበት የለም። ሲያገኘው ከአረሙ ሥር ጋር ተጠላልፏል፤ በቢላ ካልቆረጠው አይወጣም። ቢላውን ይዞ ይቆማል። አሁን ረቂቁ ተንቀሳቀሰ።

«ዓለሙን ራሴ ፈጠርኩት፣ ግን ባዶ ነው»

የምናብ ዓለም ለምትጽፉ ነው። ሰማዩ ሐምራዊ ነው፣ ነገሥታቱ ለመጥራት የሚከብድ ስም አላቸው፣ ካርታም ተሥሏል። ምሳ የሚበላ ሰው ግን የለም።

አዲስ ነገር በዛ፣ መዘዙ ግን አልተከተለም። አንድ ነገር ብቻ ለውጡና «ከዚያስ?» እያላችሁ ውረዱ። ጣና ራሱ ያስተምራል። ክረምቱ ሲወጣ መስከረም ላይ ይሞላል፤ ከዚያ እየሸሸ እየሸሸ ሰኔ አካባቢ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የለቀቀውን ዳርቻ ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ ያርሰዋል። ከዚያስ? ግማሽ ዓመት ውሃ የሆነ መሬት የማን ነው? ከዚያስ? ድንበሩን የሚያስታውሰው ማነው? ምናልባት በእናንተ አገር ይህን በቃል የሚይዙ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ ውሃው በሸሸ ቁጥር ወጥተው በዘንጋቸው ያመለክታሉ። እንግዲህ ጫሪው እዚሁ አለላችሁ። ወይ ሽማግሌው ውሃው ሞልቶ ሳለ ያርፋሉ፣ ወይ ደግሞ አንድ መስከረም ውሃው ሳይመለስ ይቀራል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሐምራዊውን ሰማይ ከፈለጋችሁ አቆዩት።

«ጫሪው ዱብ አለ፣ አንባቢ አላመነም»

ንግር ጎድሏል፤ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ ማለት ነው። ሌሊት የሚነሳው ነፋስ ገጽ ሦስት ላይ የአንዲት ሴትዮን ነጠላ ይግለጥ፣ ይበቃል።

«ጀግናው ለምን ቤቱ አይገባም?»

ክስተቱ መንደሩን ነክቷል፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ግን አልነካም። ወጥቶ አይቶ፣ ከንፈሩን መጦ መመለስ ይችላል። የሚመለስበትን በር ዝጉበት። የሚዘጋው ዕዳ፣ መሐላ ወይም ዘመድ ቢሆን ይመረጣል፤ የእኛ አገር ሰው ከእነዚህ ሦስቱ በቀላሉ አያመልጥም።

የዘጌዋ ረቂቅም በሽታው ይሄው ነበር። በሬዎቹ ሲገቡ የታሪኩ ልጅ በመስኮት ታያለች። ደነገጠች ይላል። «መስኮቱን ብትዘጋውስ? ምን አገባት?» አልኳት ጸሐፊዋን። መልስ አልነበራትም። ቡናዋን ጨርሳ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ አገኘሁት» አለች። «በሬዎቹን የሚነዳው አባቷ ነው።»