ምረቃ የሚያዘገዩ የኮመን ኮርስ ስህተቶች

ጋውን ከተለካ፣ ቤተሰብም ከተነገረው በኋላ ስሙ ከተመራቂዎች ዝርዝር የሚወጣ ተማሪ አለ። ምክንያቱ ሲጣራ አንዳንዴ የሜጀር (የዋናው ሙያ) ኮርስ ሳይሆን ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ተንጠልጥሎ የቀረ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮመን ኮርስ፣ ማለትም የየትኛውም ዲፓርትመንት ተማሪ በጋራ የሚወስደው ኮርስ፣ ሆኖ ይገኛል። በጊዜው ቢታይ በአንድ ፎርም የሚያልቅ ጉዳይ ስለነበር እጅግ ያሳዝናል።

ኮመን ኮርስ ፍሬሽማን ላይ ያበቃል ብሎ ማሰብ

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) ፕሮግራም ተመልሶ ሲጀመር ሁሉም የዲግሪ ተማሪ የሚወስዳቸው ኮርሶች ተቀረጹ፦ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አንድና ሁለት፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ጄነራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ኢንተርፕረነርሺፕና ሌሎችም። ሁሉም ግን በአንደኛ ዓመት አይሰጡም። ታሪክ፣ ግሎባል ትሬንድ፣ ኢንክሉሲቭነስና ኢኮኖሚክስ እንደየዲፓርትመንቱ ወደ ሁለተኛ ዓመትና ከዚያም በላይ ይገፋሉ።

ችግሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ዲፓርትመንት ታሪክን በሁለተኛ ዓመት ሲሰጥ ሌላው ቀደም ብሎ ይጨርሰዋል። ከባቹ (አብረውት ከገቡት) ጋር ያለማቋረጥ የሚሄድ ተማሪ ሴክሽኑ የተመዘገበበትን ስለሚወስድ ብዙም አይቸገርም። ዲፓርትመንት የቀየረ፣ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ ወጥቶ የተመለሰ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዘዋወረ ግን በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል ኮርስ ይሾልክበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የምትመረቁበትን ካሪኩለም ከዲፓርትመንት ተቀበሉ፤ ጎን ለጎን የግሬድ ሪፖርታችሁን ዘርጉና ኮርሶቹን አንድ በአንድ አመሳክሩ። ስም ብቻ አይታችሁ እንዳታልፉ፤ የኮርስ ኮዱንና ክሬዲቱን ጭምር ተመልከቱ። ለተፈጥሮ ሳይንስና ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጡት የሒሳብ ኮርሶች ስማቸው ይቀራረባል፣ ይዘታቸው ግን ይለያያል። ከሌላ ቦታ ያመጣችሁት ኮርስ እንዲያዝላችሁ ከፈለጋችሁ ዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አጽድቆ ለሬጅስትራር መላክ አለበት። የአድቫይዘር «ችግር የለውም» ፋይል ውስጥ አይገባም።

«ኮመን ነው» ብሎ መናቅ

የኮመን ኮርስ ክሬዲት ከሜጀር ኮርስ ክሬዲት እኩል ይመዝናል። በአንድ ሴሚስተር ባለ ሦስት ክሬዲት የሆኑ ስድስት ኮርሶች ወስዳችሁ ኤ፣ ቢ ፕላስ፣ ቢ፣ ቢ፣ ሲ ፕላስ እና ኤፍ አገኛችሁ እንበል። ነጥቡ 4 + 3.5 + 3 + 3 + 2.5 + 0 = 16 ይሆናል፤ በሦስት ሲባዛ 48፣ ለ18 ክሬዲት ሲካፈል የሴሚስተሩ አማካይ ውጤት (ጂፒኤ) 2.67። ያ ኤፍ ሲ ቢሆን ኖሮ 3.00 ነበር። የዲፓርትመንት ምደባ ደግሞ የፍሬሽማን ውጤትን ስለሚያይ፣ ተፈላጊ ዲፓርትመንት ለሚመኝ ተማሪ ክሪቲካል ቲንኪንግ የፊዚክስን ያህል ይወስናል። ሞጁሉን ለፋይናል ሳምንት አቆይቶ በአንድ ሌሊት መሸምደድ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ፊዚካል ፊትነስን መዝለል

ይህ የስፖርት ኮርስ የሚያዘው በማለፍና በመውደቅ ስለሆነ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። ብዙዎች «አይቆጠርም» የሚሉት ለዚህ ነው። ግን የምረቃ መስፈርት ነው፤ ካልወሰዳችሁት ወይም ከወደቃችሁበት ክፍት ሆኖ ይቆያል። የጤና እክል ያለበት ተማሪ ዝም ብሎ ከመቅረት የሕክምና ማስረጃውን ሴሚስተሩ ሲጀምር ለመምህሩና ለዲፓርትመንቱ ያቅርብ።

ኤፍ (F)፣ ኤፍኤክስ (Fx) እና አይ (I) ማምታታት

ሦስቱም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ኤፍኤክስ፣ ከኤፍ ትንሽ ከፍ ያለው የመውደቂያ ግሬድ፣ በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል ይሰጣል፤ የፈተናው ቀን ግን ብዙ ጊዜ ውጤት በተለጠፈ ማግስት ስለሚሆን ግሬድ ሳያዩ አገር ቤት መሄድ ዕድሉን ያሳልፋል። ኤፍ ማለት ኮርሱን እንደገና ተመዝግቦ መማር ነው። አይ ደግሞ ያልተጠናቀቀ ውጤት ነው፦ ፋይናል በበቂ ምክንያት ያመለጠው ተማሪ ማስረጃ አቅርቦ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ካላሟላ ወደ ኤፍ ይቀየራል። የዩኒቨርሲቲያችሁ ሌጅስሌሽን (የመተዳደሪያ ደንብ) ቀነ ገደቡን ስለሚያስቀምጥ ያንን አንብቡ።

ኤፍ ያለበት ሰው ደግሞ «በኋላ አነሳዋለሁ» ባይል ይሻላል። የፍሬሽማን ኮርሶች የሚሰጡት ብዙ ጊዜ በዓመት አንዴ፣ አዲስ ባች ሲገባ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ልትደግሙት ስትሄዱ ሰዓቱ ከሜጀር ክላሳችሁ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶቹ በተራራቁበት ደግሞ ክላሱ ሌላ ካምፓስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራም ሲለጠፍ በርከት ያሉ ሴክሽኖችን ሰዓት አይታችሁ የማይጋጨውን ያዙና አድ አድርጉ (ምዝገባችሁ ላይ ጨምሩት)።

ሳይመዘገቡ መማር

ክላስ ገብቶ፣ ሚድ ተፈትኖ፣ አሳይመንት አስረክቦ ስሙ ሲስተም ውስጥ ያልነበረ ተማሪ ግሬድ የሚገባበት ቦታ የለውም። አድና ድሮፕ (ኮርስ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ጊዜ) ከመዘጋቱ በፊት ስሊፓችሁን (የምዝገባ ወረቀታችሁን) አውጡና የኮርሶቹን ዝርዝር ከምትማሩት ጋር አስተያዩ። በተለይ የምትደግሙት ኮርስ በራሱ አይገባላችሁም፤ ፎርም ሞልታችሁ ማስፈረም አለባችሁ።

ሬሜዲያልን እንደ ፍሬሽማን መቁጠርም አለ። ሬሜዲያል ዲግሪ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት፣ ወደ ዲግሪ መግቢያ ነው፤ እዚያ የተማራችሁት እንግሊዝኛም ሆነ ሒሳብ የፍሬሽማኑን አይተካም።

መውጫ ፈተናው ይሸፍነዋል ማለት

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን፣ የሚለካው የሙያችሁን ዋና ዋና ኮርሶች ነው። ፈተናውን ማለፍ የጎደለ ኮመን ኮርስን አያሟላም፤ ኮርስ ጨርሶ ፈተናውን አለማለፍም ዲግሪ አያሰጥም። ሁለቱም ለየብቻ ይጠየቃሉ።

ማጣራቱን የምረቃ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር አድና ድሮፕ ከመድረሱ በፊት ጨርሱት። ያኔ የጎደለው ኮርስ የመጀመሪያውም ሆነ የሁለተኛው ሴሚስተር ቢሆን መመዝገቢያ ጊዜ አላችሁ። ሚያዝያ ላይ ካወቃችሁትና ኮርሱ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬሽማን መጠበቅ ግድ ይሆናል።