የፈጣን ትንሽ ጀልባ ሞተር ጉልበት ሲያንሰው፤ ችግሩን መለየትና ሞተሩን ማስተካከል

የጣና ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በጀልባ ሞተር ሽፋን ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የሚል ጽሑፍ ቢኖርም ቁጥሩ የተለካው ባሕር ወለል ላይ ባለው ወፍራም አየር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ስለሚቀንስ፣ ያው ሞተር ጣና ዳር ባለችው በባሕር ዳር ከተማ የሚሰጠው ከ33 ብዙም አይበልጥም። ይህን ባለማወቅ ጤነኛ ሞተር የሚያስፈቱ ሰዎች አሉ፤ «ከፍታው ነው» እያሉ የታመመ ሞተር የሚነዱም አይጠፉም። ሁለቱን ለመለየት በመጀመሪያ ጤንነቱን አረጋግጦ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ማስተካከሉ መሄድ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ምሳሌ የማደርገው ቀላል የፋይበር ጀልባ ላይ የተገጠመ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደርና ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ቱ ስትሮክ ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባበት) ነው።

ሥራውን ከነዳጁ ይጀምሩ። ከሰልባቲዮው (ከነዳጅ ማጠራቀሚያው) ሥር ትንሽ ቤንዚን በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው አሥር ደቂቃ ያህል ያስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይታያል። በነዳጅ ቱቦው መካከል ያለውን፣ በእጅ የሚጨመቀውን የጎማ ፓምፕ ጠጣር እስኪሆን ድረስ ይጫኑት። ጨርሶ ካልጠጠረ ቱቦው አየር የሚስብበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ፓምፑ ተመጥጦ ከተጣበቀ ግን ከሰልባቲዮው ወገን የተዘጋ ነገር አለ። እኔ ራሴ በየአሥር ደቂቃው የሚደክም አንድ ሞተር ገጥሞኝ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቼ፣ አጥቤና መልሼ ገጥሜ ቀኑን ከጨረስኩ በኋላ ነው የሰልባቲዮው ክዳን ላይ ያለችው የመተንፈሻ ብሎን መዘጋቷን ያየሁት። የዘይቱን ድብልቅም በግምት አይተዉት፤ የሞተሩ መመሪያ 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን የሚያስፈልገው 400 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ጀልባ ዘይት ነው።

ነዳጁ ደህና ከሆነ እሳት ወደሚሰጠው ካንዴላ ይለፉ። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየሽቦዎቻቸው ላይ መልሰው ይሰኩና ብረታቸውን ከሞተሩ አካል ጋር በደንብ ያገናኙ፤ በአካባቢው የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ የማስነሻውን ገመድ ይሳቡ። አንደኛው እሳት ካልሰጠ ሁለቱን ያቀያይሩ፤ ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላውን ይለውጡ፣ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ደግሞ ሽቦውን ወይም ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል ይመርምሩ። ካንዴላዎቹ በወጡበት አጋጣሚ ኮምፕሬሽኑንም (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ይለኩ። የካንዴላ ሽቦዎቹን ከሞተሩ አካል ጋር እንዳገናኙ፣ የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ የመለኪያው ቀስት መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ገመዱን አምስትና ስድስት ጊዜ ይሳቡ። በከፍታ ላይ መለኪያው ራሱ ዝቅ ያለ ቁጥር ስለሚያሳይ በመጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን የሁለቱን ሲሊንደሮች ልዩነት ይዩ። ልዩነቱ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ፒስተኑ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የሲሊንደር ራስ ጓርኒሲዮኑ (ግፊት እንዳያመልጥ የሚያሽገው ንጣፍ) ተጎድቷል፤ ይህ ሳይጠገን የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ በሽታውን መሸፈን ይሆናል።

የማቀዝቀዣው ውሃ እምብዛም ማብራሪያ አይሻም። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲነሳ ከኋላው ቀጭን ውሃ በኃይል ሊወጣ ይገባል። ካልወጣ ወዲያውኑ አጥፍተው መውጫውን በቀጭን ሽቦ ይጥረጉ፤ ነፍሳት እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ጭቃ መሥራት ይወዳሉ። ከዚያም የታችኛውን የውሃ መግቢያ ይመልከቱ፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ መግቢያውንም ፕሮፔለሩንም ይጠመጥማል። ሁለቱም ንጹህ ከሆኑ ችግሩ ያለው የውሃ ፓምፑ ውስጥ ባለው ክንፋም ጎማ ነው። ይህ ጎማ ያለ ውሃ ከተሽከረከረ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚቃጠል ሞተሩን በደረቅ መሬት ላይ «ለአንድ አፍታ» ማስነሳት እንኳ አይገባም።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩን ያውጡ፤ ከዚያ በፊት ግን የካንዴላ ሽቦዎቹን መንቀልዎን አይርሱ። ከዘንጉ ላይ የተጠቀለለ የዓሣ መረብ ክር ብዙ ጊዜ ይገኛል። ክሩ ሙልጭ ብሎ የተወለወለ ቀለበት መስሎ ስለሚታይ የዘንጉ አካል ነው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ፤ በጥፍርዎ ጫር ሲያደርጉት ግን ይፈታል። ክሩ ፓራውሊዮውን (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚያሽገውን ጎማ) ቆርጦ ከሆነ የማርሽ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ የታችኛውን ብሎን ላላ ሲያደርጉ የሚወጣው ዘይት ወተት መስሎ ከታየ ፓራውሊዮው ሳይለወጥ ጀልባዋ አትነሳ። ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ካልፈጠነች ደግሞ በፕሮፔለሩ መሐል ያለው ጎማ ሳይለቅ አልቀረም። ይህን ለማረጋገጥ ከመሐሉ እስከ ፕሮፔለሩ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያስምሩና በሙሉ ነዳጅ፣ ማለትም የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ነድተው ይመለሱ፤ መስመሩ ለሁለት ተለያይቶ ካገኙት ጎማው ለቋል።

ሞተሩ ይህን ሁሉ ካለፈ ጤነኛ ነው፤ ማስተካከሉ የሚጀመረው አሁን ነው። አየሩ ጸጥ ባለበት ማለዳ፣ ዘወትር የሚጫነውን ጭነት ጭነው፣ የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ከሰውነትዎ ጋር አስረው ይሂዱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ውጤቱንም ይጻፉ። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ክንፍ ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል መሆኑ ጥሩ መነሻ ነው። ለፍጥነት ከተፈለገ ሞተሩን በአንድ ቀዳዳ፣ ማለትም ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከፍ እያደረጉ ይሞክሩ፤ ሲታጠፉ ፕሮፔለሩ አየር ስቦ መጮህ ከጀመረ ወይም የማቀዝቀዣው ውሃ ከሳሳ አንድ ቀዳዳ ይመልሱት። የጀልባዋ አፍንጫ እየተነሳ የሚወድቅ ከሆነ የሞተሩን እግር በአንድ ቀዳዳ ወደ ጀልባዋ ያስጠጉት።

ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ግን የፕሮፔለሩ ፒች ነው። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር፣ እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ብሎን ቢሆን ኖሮ ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ለምሳሌ የሞተሩ መመሪያ በሙሉ ነዳጅ በደቂቃ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ይፈቅዳል እንበል፤ የእርስዎ 4,700 ላይ ይቆማል፣ ማርሹ 2 ለ1 ነው (ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ይዞራል)፣ ፒቹ ደግሞ 13 ኢንች ነው። 4,700ን ለ2 አካፍለው በ13 ኢንች ሲያባዙትና ወደ ሰዓት ሲለውጡት 46.6 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የስልክዎ ጂፒኤስ 40 ካሳየ የጠፋው 14 በመቶ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ጀልባ ከ10 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ስለሆነ ፕሮፔለሩ ውሃውን በደንብ ይዟል ማለት ነው። ችግሩ ሞተሩ በዚህ ስስ አየር ላይ የማይችለውን ሸክም መሸከሙ ነው። አንድ ኢንች ሲቀንሱ 200 ዙር ያህል ስለሚጨምር በ11 ኢንች ፕሮፔለር ወደ 5,100 ይደርሳል። ከፍተኛው ፍጥነት ላይጨምር፣ እንዲያውም በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ ጀልባዋ ግን ቶሎ ተነስታ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች፣ ሞተሩም ከማቃሰት ይድናል።

ካርቡሬተሩን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ነዳጁ ስለሚበዛ ሞተሩ ይጨስና ይንተባተባል። ይህን ለማረጋገጥ በሙሉ ነዳጅ እየነዱ ሳለ ሞተሩን ድንገት ያጥፉና ካንዴላውን ያውጡ፤ ቀስ ብለው ፍጥነት ቀንሰው ካጠፉት የሚያዩት የሚኒሞውን (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር ያለውን) ቀለም ነው። ቀላል ቡናማ ከሆነ አይንኩት፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ጂግለሩን (ነዳጁን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ቁጥር ያሳንሱ፣ ነጣ ካለ ግን ነዳጁ አንሶታልና ቁጥሩን መልሰው ከፍ ያድርጉ። በቱ ስትሮክ ሞተር ዘይቱ የሚሄደው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ነዳጅ ያነሰው ፒስተን ዘይትም ያንሰዋል። ስለዚህ ለጣና የተስተካከለ ሞተር ተሽጦ ወደ ጅቡቲ ቢወርድ በወፍራሙ አየር ፒስተኑ ሊቀልጥ ይችላል፤ ያወጧቸውን የመጀመሪያዎቹን ጂግለሮች በትንሽ ጣሳ አድርገው፣ ቁጥራቸውን ጽፈው ከሞተሩ ቁልፎች ጋር ያኑሯቸው።