አሜሪካ ፒኤችዲ የጀመራችሁ ሀበሾች፣ እነዚህን አትድገሙ

እኔም በተራዬ ተማሪ ማማከር ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ዘንድሮም ያው ስህተት ቢሮዬ ድረስ ሲመጣ ነው መጻፍ ያማረኝ።

ትልቁ ስህተት ሙገሳን ማመን ነው። "ግሩም ነው፣ ቀጥል" የሚል አድቫይዘር (ጥናታችሁን የሚመራው ፕሮፌሰር) ሁሉ እየረዳችሁ እንዳይመስላችሁ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ድራፍት በላክሁ ቁጥር የሚመለስልኝ "ጥሩ እየሄደ ነው" የምትል አንድ መስመር ነበረች፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ነጭ ልጅ ግን ወረቀቱ በቀይ ተዥጎርጉሮ ነው የሚመጣለት፣ እኔ ቂሉ ደግሞ አዝንለታለሁ! ኳሊፋይንግ ፈተና (ወደ ዋናው የመመረቂያ ጥናት ለመግባት የሚታለፈው) ላይ ኮሚቴው ሜቶዴን ብትንትኑን ሲያወጣው ነው የባነንኩት፣ ለካ እሱን ሲያስተምሩት እኔን ሲያባብሉኝ ነው የከረሙት። አድቫይዘሬ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ዘረኛ እንዳልባል ብሎ ፈርቶም ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬንት ሃርበር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት ነጭ ተማሪዎች ድርሰቱን የጻፈው ጥቁር ነው ብለው ሲያስቡ ይዘቱ ላይ የሚሰጡት አስተያየት ይለሳለስ ነበር። ስለዚህ "እንዴት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "ሪቪወር (ለጆርናል የሚገመግመው ሰው) ቢያየው የቱ ጋ ነው የሚጥለኝ?" በሉት፣ ያኔ ማምለጫ የለውም።

"እኔ ሀበሻ ነኝ፣ የጥቁር አሜሪካውያን ጣጣ አይመለከተኝም" የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ኢሜይላችሁን የሚከፍተው ሰውዬ ደብረ ታቦር ተወለዳችሁ ዲትሮይት አያጣራም። በ259 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ላሉ ከ6,500 በላይ ፕሮፌሰሮች ፒኤችዲ መማር እፈልጋለሁ የሚል አንድ አይነት ኢሜይል ስሙ ብቻ እየተቀየረ ተልኮ (ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው) በአብዛኛው የትምህርት ዘርፍ የነጭ ወንድ ስም ያለው ይበልጥ መልስ አገኘ። መልስ ካጣችሁ በሳምንቱ ድገሙ፣ ኩርፊያ አያዋጣም።

ዝምታን ጨዋነት አታድርጉት። እዚህ "አድቫይዘሬ ራሱ ይጠራኛል" ብሎ የሚጠብቅ ሰው ስራ ያልጀመረ ነው የሚመስለው።

ዳይቨርሲቲ ኮሚቴ (የተለያየ ዘር ያላቸውን ሰዎች ስለማካተት የሚሠራው) በጠራችሁ ቁጥር እሺ አትበሉ፣ ፎቶው ላይ ትወጣላችሁ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ቻፕተር ግን አይወጣም።

ፔፐር ላይ የማን ስም እንደሚቀድም ስራው ሳይጀመር በኢሜይል ተነጋገሩ። እዚህ ላይ የራሴን ቁስል ባልነካው ይሻላል።

አንድ ሰው ላይ ብቻ መንጠልጠልም ይቅርባችሁ። እኔን ያተረፈችኝ ከሌላ ዲፓርትመንት የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት ፖስትዶክ (ፒኤችዲዋን ጨርሳ ምርምር ላይ ያለች) ናት። ከፈተናው በኋላ አስራ አራት ገጽ ይዤ ሄድኩ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ "ይሄን ማነው አይቶ ያሳለፈልህ?" አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለችና እርሳስ አንስታ ከገጽ አንድ ጀመረች።